መርከብ ልንሳፈር የወጣንበት ጎህ

ቤተሰባችን መርከብ ተሳፍሮ አያውቅም። አንድ ጊዜ ሊሳፈር ተነሥቶ ነበር፤ ከግቢው በር አላለፈም። ሰው "ጣናን አይተሽዋል?" ብሎ ሲጠይቀኝ "አላየሁም" ብዬ ወሬ እቀይራለሁ። ምክንያቱን ማስረዳት ከጀመርኩ በሽርሽር ገብቼ በለቅሶ ስለምወጣ፣ የሚሰማኝ ሰው ይስቅ ወይ ያዝን ግራ ይገባዋል። እኔም እስካሁን ግራ እንደገባኝ ነው።

ያኔ የምንኖረው ቡራዩ ነበር። ማስተር ፕላኑ አዲስ አበባን አስፍቶ በዙሪያዋ ያሉትን ከተሞችና የገበሬውን መሬት ሊውጥ ነው ተብሎ አገር የተነሣበት ጊዜ ነው። ዛሬ ሰበታ፣ ነገ ሆለታ፣ ከነገ ወዲያ ሱሉልታ። እኔ ሰበታ አንድ ፋብሪካ ውስጥ እሠራ ስለነበር ጠዋት ጠዋት ታክሲ ውስጥ የሚወራው ስለ መንገዱ ብቻ ነበር፤ ተዘግቷል፣ ተከፍቷል፣ ድንጋይ ተደርድሮበታል። አስፋልቱ ላይ ያደረ የጎማ ጥቀርሻ ነበር። እሱን እየረገጥን እንወጣለን፣ እሱኑ እየረገጥን እንገባለን።

ወንድሜ የመሰናዶ ተማሪ ነበር። ተማሪዎቹ ሰልፍ ሊወጡ ነው በተባለበት ጠዋት እማዬ የግቢውን በር ቆልፋ ቁልፉን ደረቷ ውስጥ ወሸቀችው። እሱ የውኃ ሮቶው ላይ ወጣና አጥሩን ተንጠላጠለ። እማዬ ከሥር ቆማ መጀመሪያ ለመነችው፣ ቀጥላ ተቆጣችው። ሁለቱም እንደማይሠሩ ስታይ "ከወረድክ እናት የለህም!" አለችው። እሱ አጥሩ ላይ እንደተቀመጠ ዘወር ብሎ ትንሽ አያት። ከዚያ በወዲያኛው በኩል ወረደ። ማታ አልገባም።

አባዬና የእናቴ ታላቅ ወንድም በየጣቢያው ዞሩ። እዚህ የለም ይሏቸዋል፤ እዚያ ሲሄዱም እዚያ የለም። አብረውት ከተያዙት ልጆች ብዙዎቹ ወደ ሩቅ ካምፕ ተወስደዋል ተባለ፤ የትኛው እንደሆነ የሚናገር ግን አልተገኘም። ወራት ካለፉ በኋላ የተፈታ አንድ የሰፈር ልጅ መጥቶ "አለ፣ ደህና ነው፤ ከስቷል እንጂ" አለን። እኛ እልል ልንል ስንል እማዬ "አየኸው ወይስ ሰማህ?" ብላ ጠየቀችው። ልጁ አንገቱን ደፋ። የሰማ እንጂ ያየ አልነበረም። እኛ ግን ማመን ስለፈለግን አመንን።

እማዬ መተኛት ተወች። በርጩማዋን የግቢው በር አጠገብ አድርጋ ትቀመጣለች፤ ውጭ ኮቴ በሰማች ቁጥር ትነሣለች። የመጨረሻ ቃሏ "እናት የለህም" የሚል መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ አንድም ቀን ግን አንሥተንባት አናውቅም። ቃሉ ከእሷ ጋር እዚያ በር ላይ እየዋለ እንደሚያድር ይታየኝ ነበር።

የመርከቡን ነገር ያመጣሁት እኔ ነኝ። የሥራ ባልደረባዬ ከባሏና ከልጆቿ ጋር ጣና ላይ የተነሣችውን ፎቶ አሳየችኝ። እማዬ ትዝ አለችኝ። እማዬ በዕድሜዋ ያየችው ትልቅ ውኃ ገፈርሳ ነው፤ ግድቡን ባለፍን ቁጥር "ከዚህ የሚበልጥ አለ ይላሉ፤ ውሸት መሆን አለበት" ትላለች። ሦስት አራት ቀን ከዚያ በር ብትላቀቅ፣ ውኃ ላይ ነፋስ ቢመታት፣ ምናልባት አንድ ሌሊት እንኳ ትተኛለች ብዬ አሰብኩ። ከዚህ ሌላ ምኞት አልነበረኝም።

አባዬ ነገሩን ስነግረው ዓይኑ በራ። እሱ የዚያ አገር ልጅ ነው፤ ለመንግሥት ሥራ ወደ እኛ አገር መጥቶ፣ የቡራዩ ገበሬ ልጅ አግብቶ እዚሁ ጡረታ ወጣ። "ለቱሪስት የሚከራየውን ጀልባ ተዪው፤ ኪስ አራቋች ነው" አለኝ። "ከባሕር ዳር ጎርጎራ ሕዝብ የሚያመላልስ መርከብ አለ። ከታች ከቅርጫትና ከዶሮ ጋር ከተቀመጥሽ ርካሽ ነው።" ማደሪያ እህቱ ቤት፣ ባሕር ዳር። ምግብ ከቤት። ሚኒባሱን ደግሞ ጡረተኛ ጓደኛው ናፍጣውን ቻሉልኝ ብቻ ብሎ ፈቀደ። እንዲህ እንዲህ እያልን ለደኻ ቤተሰብ የሚመጥን የመርከብ ጉዞ ሠራን።

የእማዬን ታላቅ ወንድም፣ በኦሮምኛ ኤሱማ እያልን የምንጠራቸውን አጎቴን፣ ከሆለታ ጋበዝናቸው። ሱሉልታ ያለችውን አክስቴን፣ የእማዬን እህትም እንዲሁ። አክስቴ መርከቡ ሽንት ቤት እንዳለው ለማወቅ ብቻ ስንት ጊዜ ደወለች! ያስመልሳል ወይ፣ ከሰጠመስ፣ ላም ይጭናል ወይ። አባዬ በየጥሪው ስለ ሎሚ ጥቅም ሌክቸር ይሰጣታል። ኤሱማ ደግሞ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ጡሩምባ አለው?" አሉ። አለው ሲባሉ "እንግዲያስ እመጣለሁ" ብለው ዘጉት። ወንድሜ ከተወሰደ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ሳቅ የሰማሁት በዚያ ሰሞን ብቻ ነው፤ እሱም በሹክሹክታ።

በሹክሹክታ የሆነው እማዬ እንዳትሰማ ነው። ብትሰማ "ልጄ ታስሮ እኔ መርከብ?" ብላ መጨረሻችን እዚያ ይሆናል። ስለዚህ መኪናው በር ላይ ከቆመ በኋላ፣ ታላቅ ወንድሟ ባሉበት፣ እምቢ ማለት በማትችልበት ሰዓት ልንነግራት ተስማማን። ቃልም መረጥን። መጀመሪያ አባዬ "ፕላኑ" ይለው ነበር፤ ያን ቃል በዚያ ዘመን ስልክ ላይ ማውራት ራስን ማስያዝ መሰለንና "ጉዳዩ" አልነው። ጉዳዩ ለቅዳሜ ነው። ስለ ጉዳዩ እሷ እንዳትጠረጥር። ጉዳዩን ለእህትህ ነገርካት? ስልክ ሲደወል ግቢ ወጥተን እናነሣለን፤ እሷ ስትመጣ ዝም እንላለን። አንድ ቀን ከውጭ ስገባ አባዬ በስልክ "ቀስ ብለን ነው የምንነግራት፣ ወንድሟ ባሉበት" ሲል እማዬ ጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር። የያዘችውን ሰሃን ይዛ ተመለሰች።

አሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል። እንዴት ለአንዳችንም አልታየንም? እኛ አገር ሞት እንዴት እንደሚነገር የማያውቅ አለ? መርዶ ማለት እኮ ይኸው ነው፤ ዘመድ ሁሉ ይሰማል፣ ባለቤቱ ብቻ አይሰማም፤ ታላቅ ሰው ይፈለጋል፣ ቀን ይቆረጣል፣ በጎህ ይገባል። እኛ ለመርከብ ብለን የሠራነው ሥራ ሁሉ አንድ በአንድ የመርዶ ሥራ ነበር። ከአባዬ ጀምሮ ሁላችንም ስንት ቤት መርዶ ይዘን የገባን ሰዎች ነን።

እማዬ ግን ታይቷት ነበር። በዚያ ሳምንት ቤቱን ከጣሪያ እስከ ወለል ጠረገች። የወንድሜን ብርድ ልብስ አውጥታ አጠበች። ሽሮ አስፈጨች፣ ከጎረቤት አግዳሚ ወንበር ተዋሰች። "ለምንድነው?" ስላት "ሰው ሊመጣ ይችላል" አለችኝ። እኔ ሞኟ ደስ አለኝ። መንፈሷ ተመለሰ ብዬ ለአባዬ ሳይቀር አበሰርኩት።

ሀሳባችን አጎቴንና አክስቴን ከየቤታቸው እየለቀምን መሄድ ነበር። አርብ ከሰዓት ግን ወሬው ሁሉ ተበላሸ፤ የሱሉልታ መንገድ ሊዘጋ ይችላል ተባለ። ኤሱማ ደውለው "ተበታትነን አንዳችን አንዱ ጋ ከምንቀር እናንተ ጋ ተሰብስበን ከመንጋቱ በፊት እንለፍ" አሉ። ኤሱማና አክስቴ አርብ ማታ መጥተው ጎረቤት አደሩ። አባዬ ሚኒባሱን ይዞ ሳይነጋ መጣ፤ ብርድ ስለነበር ሁሉም ጋቢ ለብሷል፤ ጎረቤት እንዳይቀሰቀስ ብለው በሩን በቀስታ አንኳኩ። የከፈትኩት እኔ ነኝ። ጭኮ፣ ድፎ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል የሞላውን ቅርጫት በእጄ ይዤ ነበር።

እማዬ ተነሥታ ለብሳ ሳሎን ተቀምጣ ነበር። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ነው የለበሰችው። ኤሱማ ገቡ፤ አባዬ ከኋላ፣ አክስቴ ከጎን።

"አካም ቡልቴ፣ ኦቦሌቲ ኮ?" አሏት። እንዴት አደርሽ እህቴ ማለታቸው ነው።

ሰላምታውን አልመለሰችም። "ሰምቻለሁ፤ አትደብቁኝ" አለች።

ኤሱማ ምሥጢሩ የወጣ መሰላቸው። ትከሻቸው ሲላላ አየሁ፤ ሳቅም አሉ። "እንዲያውም ደግ፤ ከመዋሸት ገላገልሽን" አሉ።

"የት ነው?"

"ባሕር ዳር ነው። መኪናው ውጭ ቆሟል፤ በይ ተነሺ።"

ያን ጩኸት ልገልጸው አልችልም፤ አልሞክርም። ቅርጫቱ ከእጄ ሲወድቅ፣ የተቀቀለው እንቁላል ወለሉ ላይ ሲንከባለል ትዝ ይለኛል። እማዬ ደረቷን እየደቃች ወደ ግቢ ወጣች፤ እኛም ተከትለናት ወጣን፤ ሁላችንም በአንድ ጊዜ "አይደለም! አይደለም!" እንላለን። ኤሱማ በትልቅ ድምፃቸው "ኧረ ሽርሽር ነው! ሽርሽር ነው!" ይላሉ። ጎረቤት ጩኸቱን ሰምቶ መጉረፍ ጀመረ፤ ሰፈሩ ይህን ጩኸት ለወራት ሲጠብቅ ኖሯል መሰለኝ፣ ማንም "ምን ሆናችሁ?" ብሎ አልጠየቀም። እያለቀሱ ገቡ። አባዬ አንዱን ጎረቤት ክንዱን ይዞ "መርከብ ነው፣ መርከብ ልንሄድ ነው" ሲለው ሰውየው አቅፎት "አይዞህ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ" ብሎ አለቀሰ። አባዬ አእምሮውን የሳተ መስሎታል።

ሰው ሲበዛ ፌደራሎች መጡ። ያኔ ሰው ከተሰበሰበ ይመጣሉ። አንዱ በሩ ላይ ቆሞ "ማን ነው የሞተው?" አለ። "ማንም አልሞተም" አልነው። "ታዲያ በዚህ ሰዓት ለምን ተሰበሰባችሁ?" አለን። ኤሱማ ሊያስረዱ ቀረቡና በድንጋጤ "ፕላን ነው ጌታዬ፤ የልጅቷ ፕላን ነው" አሉት። ግቢው ሁሉ ጸጥ አለ። ከዚያ እማዬ ከሰው መሃል እንደገና ጮኸች፤ ፌደራሉ አያት፣ ጠመንጃውን ወደ ጀርባው አዞረና "እግዜር ያጽናችሁ" ብሎ ወጣ። ያዳነን የእሷ ለቅሶ ነው። በቁሙ ያለ ልጅ ለቅሶ።

ኤሱማ ፊቷ ተንበርክከው "ማርያምን! ልጁ አልሞተም" ብለው ማሉላት። እማዬ ቀና ብላ አየቻቸው።

"ለአባታችን ጊዜም እንዲህ ብለህ ምለህልኛል" አለቻቸው። "ትንሽ ሆዱን አመመው ብለህ ነው ወደ ቤት ያመጣኸኝ። ስደርስ ድንኳን ተተክሏል።"

እኛ አገር ከመርዶ በፊት የሚዋሽ ዘመድ ደግ ዘመድ ነው፤ ስለዚህ እውነት ሲናገርም የሚያምነው አያገኝም። ልጁን በስልክ እናገናኝሽ አንላት፤ የት እንዳለ አናውቅም። መኪናውን ይዘን ባሕር ዳር ሄደን ለቅሶ እንደሌለ እናሳይሽ ብንላት መንገዱ በእርግጥም ተዘግቷል። እሷን ብቻ አይደለም፤ እኔም ራሴን እየጠረጠርኩ መጣሁ። አባዬን ለብቻው ወስጄ "እውነቱን ንገረኝ፤ ሞቷል እንዴ? መርከቡን ለዚህ ነው የፈቀድከው?" አልኩት። አባዬ በጥፊ የመታሁት ያህል ነው ያየኝ። ከዚያ "እኔም እኮ የምሰማው ካንቺ ነው" አለኝ። ያን ጊዜ ፈራሁ። እስካሁን ሌሊት ላይ በር በቀስታ ሲንኳኳ ያ ፍርሃት ይነሣል።

ሦስት ቀን ተለቀሰ። ለመርከብ የተጋገረውን ዳቦ ለቀስተኛ በላው፤ ጭኮውም አለቀ። እማዬ ፀጉሯን ተቆረጠች፣ ጥቁር ለበሰች። አባዬ ለሚገባው ሰው ሁሉ "አልሞተም" ይል ነበር፤ በሁለተኛው ቀን ላይ ደከመውና ዝም ብሎ ጎንበስ ማለት ጀመረ።

ለቅሶዋ በኦሮምኛ ነበር። እማዬ እኛን ያሳደገችን በአማርኛ ነው፤ ኦሮምኛዋን ከወንድሟና ከእህቷ ጋር ብቻ ትናገራለች። እኔን አባዬ ለትምህርት አዲስ አበባ ሌላዋ እህቱ ቤት አስቀምጦኝ ስላደግሁ ገበያ የሚያስገዛ፣ ሰላምታ የሚያስመልስ ኦሮምኛ ነው ያለኝ። ወንድሜ ግን እዚያው ሰፈር፣ በኦሮምኛ ነው የተማረው። እማዬ ስታለቅስ አረፍ እያለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ልክ አጠገቧ ላለ ሰው እንደምትናገር ታወራው ነበር። ያ ኢልመ ኮ፣ ልጄ ሆይ፣ ከሚለው በቀር አንድም አልገባኝም፤ የድሮ፣ የለቅሶ ቃል ነው። ሴቶቹ ሲሰሙ ጉንጫቸውን እየያዙ ይንሰቀሰቃሉ። የእናቴ ልጅ እኔ ከመሃላቸው ተቀምጬ እንደ እንግዳ አፍ አፋቸውን አያለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

ወንድሜ ክረምቱ ከማለቁ በፊት መጣ። በጠራራ ፀሐይ፣ ራሱን ተላጭቶ፣ በሰው ጫማ። የሰፈሩ ልጆች ሲያዩት መጀመሪያ ሮጡ፤ አንዷ ሴትዮ አማተበች። ከዚያ እልልታው ቀለጠ፤ ሞተ የተባለ ሰው ዕድሜው ረጅም ነው እያሉ እየሳሙ አጨናነቁት። እማዬ ምስር እየለቀመች ነበር። አልተነሣችም። ሰፌዱን ጉልበቷ ላይ እንዳደረገች አየችው፣ አየችውና "መጣህ?" አለችው። "መጣሁ" አላት። "ብላ እንግዲህ" ብላ ጓዳ ገባች፤ እዚያ ብዙ ቆየች።

ጥቁሩን አላወለቀችም። አባዬ ለመናት፣ ኤሱማ ተቆጧት። ወንድሜን ታበላዋለች፣ ልብሱን ታጥብለታለች፣ ሲተኛ መጥታ ትንፋሹን ታዳምጣለች፤ ነቅቶ ዓይኑን ሲገልጥ ግን ወጥታ ትሄዳለች። ስለ አጥሩ ቀን አንድም አልተነጋገሩም። እሱ ጥቁር ልብሷን ሲያይ ፊቱ እንደሚለዋወጥ አያለሁ። ቤቱ ውስጥ ሁለት ወንድም ያለኝ ይመስለኝ ነበር፤ አንዱ አጠገቤ የሚበላ፣ አንዱ እማዬ የቀበረችው፤ እሷም ለሁለተኛው የምታደላ።

አንድ ቀን ከሰዓት እማዬ ገበያ ወጥታ ሁለታችን ብቻ ቀረን።

"ስታለቅሰኝ ምን ነበር ያለችው?" አለኝ።

"እንጃ" አልኩት። "በኦሮምኛ ነበር።"

ይስቅብኛል ብዬ ጠበቅሁ። በሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሮ አዲስ አበቤዋ እያለ ይጫወትብኝ ነበር። አልሳቀም። "ምንም አልያዝሽም?" አለኝ።

ድምፁን ይዤዋለሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ሲመላለስ ሰምቼ፣ ትርጉሙን ሳላውቅ ከነዜማው ጆሮዬ ውስጥ ቀርቷል፤ ፋብሪካው ውስጥ ማሽን ሲጮህ እንኳ ከሥሩ ይሰማኛል። ማንንም ትርጉሙን ጠይቄ አላውቅም፤ የእኔ አልመስል ብሎኝ ነው።

"በይው" አለኝ።

አፈርኩ። ከዚያ እንደመጣልኝ፣ ልክ እንደ እሷ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ አረፍ በምትልበት እያረፍኩ አልኩት። ቃሉን ሳልሰብረው አልቀርም፤ አንዳንዱን ሁለቴ አየር ላይ ፈልጌ ነው ያገኘሁት። መሃል ላይ ስደርስ ወንድሜ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጨረስኩ።

"ምን ማለት ነው?" አልኩት።

አልነገረኝም። በእጁ ፊቱን ጠረገና ወደ እኔ ሳይዞር "ድገሚልኝ" አለኝ። ምን እንደምል ሳላውቅ፣ እማዬ ከገበያ እስክትመለስ ድረስ ደገምኩለት።